በእርድ የሚሣል ሙከራ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ቤተ ሙከራም ሆነ የሥዕል ቁሳቁስ በሌለበት ሥዕልን፣ ሳይንስንና ሒሳብን አጣምሬ ማስተማር የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ከእርድ ይጀምሩ። ጥቂት የእርድ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ነጭ ወረቀት ከቀቡና ካደረቁ በኋላ፣ ተማሪዎቹ በሳሙና ውኃ በተነከረ እንጨት ሲሥሉበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የሎሚ ጭማቂ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ሎሚ ጭማቂ ባለ አሲድ ውስጥ ቢጫ፣ እንደ ሳሙና ውኃ ባለ ቤዝ ውስጥ ግን ቀይ ቡናማ ስለሚሆን ነው። ምክንያቱን ከመንገርዎ በፊት ግን ተማሪዎቹ ግምታቸውን በደብተራቸው ይጻፉ፤ በእኔ አስተያየት ከቀለሙ ለውጥ ይልቅ ትልቁ ትምህርት ይህ ግምት ነው። (እርድ ልብስ ስለሚያበላሽ አሮጌ ጋዜጣ ማንጠፍዎን አይርሱ።)

ለሒሳቡ የነጠላ ጥለት ወይም የሰፌድ ጌጥ ይበቃል። የጥለቱን ግማሽ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሥለው ተማሪዎቹ ሌላውን ግማሽ ከመካከለኛው መስመር ማዶ በመስታወት እንደሚታይ ምስል አድርገው፣ ካሬዎቹን እየቆጠሩ እንዲያሟሉ ያድርጉ፤ ቀጥሎም በሰፌዱ ዙሪያ 24 ቅርጾች በ6 ቀለማት እኩል ቢከፋፈሉ እያንዳንዱ ቀለም ስንት ቅርጽ እንደሚደርሰው ይጠይቋቸው።