ትሮምቦን ለያዛችሁ ልጆቼ

ወደ ላቲን ጃዝ ለመግባት የምትፈልጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ፍጥነትና ስለ ከፍተኛ ድምፅ ነው፤ እኔን ግን በዚህ ሙያ አርባ ዓመት ያኖረኝ መስማት ስለሆነ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አዲስ አበባ ከነበርኩበት የማርሽ ባንድ ወጥቼ አሜሪካ ስገባ ኖታ አንባቢ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ የሳልሳ ባንድ ጋር ልምምድ በጀመርኩበት የመጀመሪያው ምሽት ግን ገና መንፋት እንደጀመርኩ ኮንጋ የተባለውን ረጅም ከበሮ የሚመታው እጁን አነሣ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ቆሙ። ኖታው ልክ ነበር፤ የገባሁት ግን ከክላቬው በተቃራኒ ነበር። ክላቬ በሁለት ጠንካራ እንጨቶች የሚመታ፣ በአንዱ ባር (እኩል የምት ክፍል) 3 በሌላው 2 ምት ያለው፣ ፒያኖውም ቤዙም ነፊውም የሚደገፉበት ምሰሶ ነው። መሪው አልተቆጣም፤ ትሮምቦኔን ሣጥኑ ውስጥ አስመለሰና እንጨቶቹን አስጨበጠኝ፤ ልምምዱ እስኪያልቅ እነርሱን ስመታ አመሸሁ። በችክችካ ያደገ ሰው ክላቬ የሚቀለው ይመስለዋል፤ እኔን ያሳተኝም ይኸው ነበር፤ እጄ የለመደውን ፍለጋ ምቱን ሦስት ሦስት እያደረገ ይጎትተው ነበርና።

የትሮምቦን ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ፒያኖ ተጫዋቹ ኤዲ ፓልሚዬሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ ያቋቋመው ላ ፔርፌክታ የተባለ ባንድ የቀረጻቸውን ሥራዎች ደጋግሜ ስሰማ ነው። ፓልሚዬሪ በትራምፔቶች ፈንታ ትሮምቦኖችን ከፍሉት ጋር ፊት አቆመ፤ ትሮምቦን ነፊው ባሪ ሮጀርስና ጓደኛውም አጭር ሐረግ እየደጋገሙ፣ በየዙሩ ጥቂት እየጨመሩ ጨፋሪውን ያግሉት ነበር። ይህ ድግግሞሽ ሞኛ ይባላል፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ሞኝን ቢያስታውስም የብልህ ሥራ ነው፣ መቼ መጨመር መቼ መተው እንደሚገባ ያላወቀ ሰው በአራት ዙር ውስጥ ያበላሸዋልና። ትራምፔት ይነፋ የነበረው ዊሊ ኮሎንም የሮጀርስን ድምፅ ሰምቶ ወደ ትሮምቦን ዞረ፤ የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ኋላም ሩቤን ብሌድስን የመሰሉ ድምፃውያንን ሥራ ፕሮዲዩስ አድርጓል። የኛው ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ የአፍሮ ላቲን ሙዚቃ ሲቀርጽ አብረውት የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ስለነበሩ፣ ይህን ቤት ባዕድ አድርጋችሁ አትዩት።

ማስተማር የጀመርኩት ለኪራይ ብዬ ነው፤ አልደብቃችሁም። ትሮምቦን እንደ ትራምፔት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ ሰባቱን የስላይድ ቦታዎች እጅ የሚያገኛቸው ጆሮ ሲመራው ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪዎቼ ከመንፋታቸው በፊት ሐረጉን በእግራቸው ክላቬ እየመቱ እንዲዘፍኑት አደርጋለሁ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዬ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን ይተነፍሳሉ? ሐረጉ እኮ ተቆረጠ» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ቦታ ስተነፍስ ኖሬያለሁ፤ በማግስቱ አስተካከልኩት።

ስለ ፕሮዲዩሰርነት ደግሞ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የትሮምቦኖቹን ክፍል ጽፌ፣ አለማምጄ፣ ነፍቼም ያስቀረጽኩት አልበም ሲወጣ ስሜ ከነፊዎቹ ዝርዝር በቀር የትም አልነበረም፤ ክፍያዬም የአንድ ሌሊት ነበር፣ ውል አልጠየቅሁማ። የሳን ፍራንሲስኮው ትሮምቦኒስት ዌይን ዋላስ በዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ፓትዋ ሬከርድስ በተባለ በራሱ አሳታሚ ሥራውን ሲያወጣ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ስቱዲዮ ስትገቡ፣ መሣሪያው ከሣጥኑ ሳይወጣ፣ አቀናባሪው ማን ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የማን እንደሚሆንና ቅጂው ሲሸጥ ድርሻችሁ ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ አስፍራችሁ አስፈርሙ። ጓደኛችሁም ቢሆን።