በኦንላይን እንግሊዝኛ ትምህርቴ አልረካሁም፤ ላቋርጠው?

ውድ ጠያቂ፣ የኮሌጅ ተማሪ እንደሆኑ፣ እንግሊዝኛን በኦንላይን መማር ከጀመሩ አንድ ሴሚስተር እንደሞላዎት፣ ፈተናውን ቢያልፉም ትምህርቱ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያበቃኛል ብለው ስላላመኑ ሊያቋርጡት እንዳሰቡ ገልጸውልኛል። የክፍል ጓደኞችዎ ረክተው እርስዎ ብቻ አለመርካትዎም አሳስቦዎታል።

በደብዳቤዎ የኢንተርኔት መቆራረጥን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያነሱ፣ ጽሑፍዎ ታርሞ እንደማይመለስልዎትና ማይክሮፎን ከፍተው የተናገሩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን ግን ደጋግመው ጠቅሰዋል። ስለዚህ ያጡት ነገር የሚያናግርዎትና የሚያርምዎት ሰው እንጂ የተሻለ መሣሪያ አይመስለኝም። ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር የተባሉ ምሁራን በ2000 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ማዕቀፍ፣ የኦንላይን ትምህርት ፍሬያማ እንዲሆን ተማሪው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ከማሰቡ በተጨማሪ የጓደኞቹና የመምህሩ መኖር ሊሰማው እንደሚገባ አመልክተዋል። ይህ በቋንቋ ትምህርት ላይ ይበልጥ ይጸናል፤ የተቀረጸ ትምህርት ሰዋስውን በሚገባ ሊያስረዳ ቢችልም፣ የተናገሩትን ሰምቶ መልስ የሚሰጥ ሰው በሌለበት ንግግር አይለመድም።

የጓደኞችዎን እርካታ ግን መለኪያ አያድርጉት። በ2019 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ በወጣ ጥናት፣ በንቁ ተሳትፎ የተማሩት ገለጻ ብቻ ካዳመጡት የበለጠ ውጤት ቢያመጡም፣ ብዙ የተማሩ የመሰላቸው አድማጮቹ ነበሩ። ትምህርቱ የፊዚክስ ቢሆንም፣ ሳይቸገሩ የሚከታተሉት ክፍል ደስ ስላሰኘ ብቻ ያስተምራል ማለት እንዳልሆነ ለእርስዎም ያሳያል።

ጊዜውንም ያስሉት። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን በሚያዘጋጀው በካምብሪጅ ግምት፣ ቢ1 ከሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ቀጥሎ ወዳለው ቢ2 ለመሸጋገር 200 ሰዓት ያህል በመምህር የተመራ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት ለ16 ሳምንታት የተማረ ሰው ያገኘው 48 ሰዓት ብቻ ነው። በአንድ ሴሚስተር ለቃለ መጠይቅ በልበ ሙሉነት አለመብቃትዎ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በዚህ ራስዎን እንዳይወቅሱ አደራ እላለሁ።

ስለዚህ አሁን አያቋርጡ። በየሳምንቱ አንድ አጭር ጽሑፍ እንዲያርምልዎት መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከአንድ የክፍል ጓደኛዎ ጋርም ቀን ቆርጣችሁ፣ ስለ ትምህርታችሁና ስለምትፈልጉት ሥራ እየተጠያየቃችሁ ንግግራችሁን ቅረጹና መልሳችሁ አዳምጡት። በአንድ ወር ውስጥ እርማት ካላገኙና የቀጥታ ንግግር ጊዜ ካልተመደበልዎት፣ ጥቂት ተማሪዎች በቀጥታ ወደሚነጋገሩበት ሌላ የኦንላይን ክፍል ይዛወሩ፤ ከመመዝገብዎ በፊትም በአንድ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ደቂቃ እንደሚናገር ይጠይቁ።