በአጎት ጓሮ የሚፈጸም ሠርግ በእንግሊዝ ሕግ ጋብቻ ይሆናል?

ጥያቄ፦ እኔና እጮኛዬ የምንኖረው ለንደን ነው። በመጪው ሐምሌ ኬንት በሚገኘው የአጎቴ ጓሮ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ የነፍስ አባታችን ባርከውን ለመጋባት አስበናል። አንድ ዘመዴ ደግሞ ሲቪል ፓርትነርሺፕ (ከጋብቻ ሌላ በሕግ የሚመዘገብ የጥንዶች ጥምረት) ይቀላችኋል ይለኛል። ሕጉ ይፈቅድልናል? አዲስ አበባስ ስንገባ ይጸናልናል?

መልስ፦ ለዚህ ስላበቃችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ያሰባችሁት ሥርዓት ቡራኬና ድግስ እንጂ በእንግሊዝ ሕግ ጋብቻ እንደማይሆን፣ ድንኳን ከመከራየታችሁ በፊት ልታውቁት ይገባል።

በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ በዋናነት የሚፈቅደው ቦታውን ነው። ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 2021 በፊት (የእንግሊዝን ነገር ስናገር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሲቪል ጋብቻ የሚፈጸመው ከጣራ ሥር ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጊዜያዊነት፣ በ2022 ደግሞ በቋሚነት፣ ፈቃድ ያለው ሆቴል ወይም አዳራሽ በግቢው ውስጥ ከቤት ውጭ ጋብቻም ሆነ ሲቪል ፓርትነርሺፕ ማስፈጸም ይችላል፤ ቦታው ለሥርዓቱ ክብር የሚመጥን መሆን አለበት። ሕንፃው ፈቃድ ከሌለው ግን ግቢው ብቻውን አይበቃም፤ የአጎትዎ ጓሮ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለጋብቻ የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ቢኖራችሁም ፈቃዱ ለሕንፃው እንጂ ለቅጥሩ አይደለም። ከዚህ የቦታ ገደብ ነፃ የሆኑት የአይሁድና የኩዌከር (የአንድ ክርስቲያን ማኅበር) ጋብቻዎች ናቸው። በስኮትላንድ ግን ሥልጣን የሚሰጠው ለአጋቢው ስለሆነ፣ ሥልጣን ያለው አጋቢ ካገኛችሁ ጓሮም ይሆናል።

ስለ ነፍስ አባታችሁ ያነሡት ነገር ጥንቃቄ ይሻል። ሬጅስትራሩ (የመንግሥት ጋብቻ መዝጋቢው) በሚያስፈጽመው ሥርዓት ውስጥ ጸሎትም ዝማሬም አይገባም፤ ቡራኬው የሚከተለው መዝጋቢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሥርዓቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ተክሊል ከፈለጋችሁም ቦታው ከቅዳሴው ጋር ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ጓሮው ለዚያ ምትክ አይሆንም።

አንዳንድ ባልና ሚስት ቡራኬውን ካገኙ በኋላ መዝገቡን «በኋላ እንደርስበታለን» እያሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። በ2020 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በ1998 በአንድ ምግብ ቤት በሃይማኖት ሥርዓት ተጋብተው የሲቪሉን ሳይፈጽሙ የቀሩ ሁለት ሰዎችን ጉዳይ መርምሮ፣ ሥርዓቱ ከቶ የጋብቻ ሕግ የማያውቀው ነው ሲል ወሰነ። ስለዚህም ሚስቲቱ እንደ ተፋታች ሚስት የንብረት ድርሻ በሕግ መጠየቅ አልቻለችም። ሰው አገር ሆኖ ትዳር ለሚመሠርት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፈቃድ ያለው ግቢ ምረጡ፤ ለቦታው ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት የአካባቢው ካውንስል ሬጅስትራር በዚያ ቀን ሊገኝላችሁ መቻሉን አረጋግጡ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ለ7 ቀን በኖራችሁበት አካባቢ ቀርባችሁ ኖቲስ (ለመጋባት ማሰባችሁን የሚገልጽ ማስታወቂያ) ስጡ፤ ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ አለ፤ እንደ ኢሚግሬሽን ሁኔታችሁም ወደ 70 ቀን ሊራዘም ይችላል። በኖቲሱ ላይ የቦታው ስም ይጻፋልና በኋላ ቦታ ብትቀይሩ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ዝናብ ቢመጣ ግን እዚያው ግቢ ፈቃድ ወዳለው ክፍል መግባት ይቻላል፤ ሐምሌም ቢሆን የእንግሊዝ ሰማይ አይታመንምና ክፍሉ አብሮ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። በዕለቱ ከጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ምስክሮች ቆመው ከእናንተ ጋር ይፈርማሉ። ወደ አጎትዎ ጓሮ በማግሥቱ ለመልሱ መሄድ ትችላላችሁ፤ ነፍስ አባታችሁም በዚያ ቢባርኳችሁ የሚከለክል ሕግ የለም።

ሲቪል ፓርትነርሺፕ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2019 ጀምሮ ለወንድና ሴት ጥንዶችም ተፈቅዷል፤ ኖቲሱም ሆነ የቦታው ደንብ ከጋብቻው ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ ይቀላል መባሉ ልክ አይደለም። ወደ አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ ካላችሁም ሲቪል ፓርትነርሺፑን አልመክራችሁም። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመን ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ያጸናል፤ ሲቪል ፓርትነርሺፕ የሚባል ተቋም ግን በውስጡ የለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አረጋግጣችሁ ያዙ፤ አዲስ አበባ ላይ የምትጠየቁት እሱን ነው።