የሴቶች ራግቢ ጥያቄና መልስ፦ ሊጉ ከመጀመሩ በፊት

ሰላም የግሩፓችን ቤተሰቦች። መስቀልም አለፈ፣ የ2025ቱ የዓለም ዋንጫም አለቀ። በዚህ በጥቅምት ደግሞ የእንግሊዝ የሴቶች ራግቢ ሊግ ይጀምራል። ሰሞኑን በውስጥ የምትልኩልኝ ጥያቄ በዝቷል። ለየብቻ ከምመልስ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ልመልስ ብያለሁ። ቡናዬ ቀርቧል፣ መብራትም አለ። ጠያቂውን በሰፈሩ ስም እጽፋለሁ። ጠይቁ።

ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች እጽፋለሁ፣ ቀንና ሰዓቱን ግን በእኛ። ሌላው፣ የደረጃ ሰንጠረዥ ስታዩ ከነጥቡ በፊት «ስንት ተጫወቱ» የሚለውን እዩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከጊዮርጊስ፦ እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? የመስቀል ዕለት ፍጻሜውን አይቼ ፍቅር ያዘኝ። የውድድር ዘመኑን ሙሉ መከታተል እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን መጣህ። መስከረም 17 ለእኔም ልዩ ቀን ነበር። ትዊክንሃም ስታዲየም 81,885 ሰው ተቀምጦ እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 አሸነፈች። አንድ የሴቶች ራግቢ ጨዋታ ለማየት ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አያውቅም።

አሁን እነዚያ ልጆች ወደየክለባቸው ተመልሰዋል። ካፒቴኗ ዞዊ አልድክሮፍት ግሎስተር-ሃርትፑሪ ናት። ያን ሁሉ ሰው አልፋ የሮጠችው ኤሊ ኪልደን ሃርለኩዊንስ ናት። ሊጉ 9 ክለብ አለው፦ ግሎስተር-ሃርትፑሪ፣ ሳራሰንስ፣ ሃርለኩዊንስ፣ ብሪስቶል ቤርስ፣ ኤክሰተር ቺፍስ፣ ሌስተር ታይገርስ፣ ላፍቦሮ ላይትኒንግ፣ ሴል ሻርክስ እና ትሬይልፋይንደርስ።

ምክሬ ይኸውልህ። አንድ ክለብ ያዝ። አንድ ብቻ። ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው አብረሃት ዝለቅ፣ ስትሸነፍም ጭምር። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የ30 ሰከንድ ቅንጭብ ስታይ ብትከርም ጨዋታውን አታውቀውም። ቅንጭቡ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) ያገባችውን ልጅ ያሳይሃል። መንገዱን የከፈተችላት ግን ቀድሞ ተቆርጣ ወጥታለች።

እኔ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ። ለየጨዋታው አንድ መስመር እሰጣለሁ። ቀን፣ ተጋጣሚ፣ 3 ቁጥር ለብሳ የገባችው ማን ናት፣ በስክረም፣ ማለትም ሁለቱ ቡድን አቀርቅረው ሲገፋፉ፣ ያገኙት ቅጣት ስንት ነው፣ በስክረም የተቀጡት ስንት ነው። ውጤቱን የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። አምስት ስድስት ሳምንት እንዲህ ከያዝክ ማን እንደሚዘልቅ ደብተሩ ይነግርሃል።

ከጊዮርጊስ፦ የትኛውን ክለብ ልያዝ ታዲያ?

መልስ፦ እሱን እኔ አልመርጥልህም።

ከሽምብጥ፦ ባለፈው ጨዋታ 9 ሰዓት ነው ብለው ጓደኞቼን ሰብስቤ ዲኤስቲቪ ቤት ስደርስ ምንም የለም። አፈርኩ። ሰዓቱን እንዴት ነው የምቆጥረው?

መልስ፦ ይህ የሁላችሁም ችግር ስለሆነ በደንብ ልጻፈው። በበጋቸው ከእነሱ ሰዓት ላይ 4 ቀንስ። በብርዳቸው ደግሞ 3 ቀንስ። ቀን 9 ሰዓት ላይ የሄድከው እነሱ 15 ብለው የጻፉትን በእኛ አቆጣጠር መንዝረህ ነው። ያ የለንደን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 3 ያሉት ጨዋታ እዚህ በበጋቸው 11 ሰዓት፣ በብርዳቸው 12 ሰዓት ይሆናል።

ዘንድሮ (2025) ሰዓታቸውን የሚቀይሩት ጥቅምት 16 እሑድ ነው። ሊጉ ገና በተጀመረ በዚያው ሰሞን ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ 11 ሰዓት ያየኸው በሚቀጥለው ቅዳሜ 12 ሰዓት ይሆንብሃል። በመጋቢት ደግሞ ይመለሳል። ደብተርህ ጀርባ ላይ ጻፈው።

ከፖሊ፦ ዋንጫውን ማን ይበላል?

መልስ፦ አልገምትም። ግሎስተር-ሃርትፑሪ ሦስት ተከታታይ ጊዜ በልተዋል። በ2023 ኤክሰተርን፣ በ2024 ብሪስቶልን፣ በ2025 ሳራሰንስን በፍጻሜ አሸንፈው። አሰልጣኛቸው ሾን ሊን ግን አሁን የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነው።

ከቤዛዊት፦ የግሎስተር ደጋፊ ነኝ። በ2023 ፍጻሜው ኪንግስሆልም ሲደረግ ለዚያ ቀን የሜዳውን ስም «ኩዊንስሆልም» ብለው ቀየሩት። የንጉሥን ወደ ንግሥት! ይህን ያደረገ ክለብ ይገባዋል።

ከፖሊ፦ ስም መቀየር ዋንጫ አያስበላም። ሊጉ በ2017 ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደው ሳራሰንስ ነው። በ2022ም ደግሞታል።

ከቤዛዊት፦ ያለፈውን ስትቆጥር ሦስት ዓመት አለፈህ ወንድሜ።

መልስ፦ እሱን በውስጥ ተጨራረሱ። ቀጣይ።

ከቀበሌ 14፦ አምና አንድ ሰሞን ክለቤ አራተኛ ነበረች፣ ቁጭ ብላ ሳትጫወት አምስተኛ ሆነች። ይህ ሊግ አድልዎ አለበት መሰለኝ።

መልስ፦ ምን አልኩ መጀመሪያ ላይ? ስንት ተጫወቱ የሚለውን እዩ! ክለቦቹ 9 ናቸው። 9 ጎዶሎ ቁጥር ነው። በየሳምንቱ አንዱ ክለብ ያርፋል። ያረፈው ደረጃው ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመልሰዋል። በ4 ጨዋታ 15 ነጥብ ካላት ይልቅ በ3 ጨዋታ 14 ያላት ትበልጣለች። እስከ ማብቂያው እያንዳንዱ ክለብ 16 ጨዋታ ያደርጋል። አራቱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ።

ነጥቡም እንደ እግር ኳስ አይደለም። ማሸነፍ 4፣ አቻ 2 ነው። አራት ትራይ ያገባ አንድ ተጨማሪ ያገኛል። በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም አንድ ያገኛል። ስለዚህ ተሸንፎ ሁለት ነጥብ ይዞ መውጣት አለ። በ78ኛው ደቂቃ በ10 ነጥብ እየተመራች ቅጣት ምት አግብታ ልዩነቱን ወደ 7 ዝቅ የምታደርግ ልጅ ተስፋ ቆርጣ አይደለም። ያቺ አንድ ነጥብ መጨረሻ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ልታስገባ ትችላለች።

ከዘጌ፦ እትዬ፣ ስክረም የሚባለው አይገባኝም። እናቴም አብራኝ እያየች «ምን ጠፍቷቸው ነው የሚያቀረቅሩት?» ትለኛለች።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ረከቦት አቅርቢ። ሦስት ሲኒ ጎን ለጎን ደርድሪ። ከፊታቸው ሌላ ሦስት። አፍ ለአፍ አታግጥሚያቸው፤ የአንዱ ወገን ሲኒ በሌላው ሁለት ሲኒ መሃል ይግባ። አየሽ? ከየወገኑ በግራ ዳር ያለችው ሲኒ አንድ ትከሻዋ ነጻ ነው። በቀኝ ዳር ያለችው ግን ሁለቱም ትከሻዋ ተይዟል። ያቺ 3 ቁጥር ናት። የሁለት ሰው ግፊት የምትችል እሷ ናት። ደብተሬ ላይ ስሟን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከኋላቸው ሌሎች አምስት ይገፋሉ። በየወገኑ ስምንት፣ በድምሩ 16 ሰው። ዳኛው ዝቅ በሉ፣ ተያያዙ፣ ግጠሙ እያለ በተራ ያዛል። የግፊቱ መጀመሪያ ከእግር ነው፣ በወገብ አልፎ ትከሻ ላይ ይደርሳል። አንዷ ጉልበቷ መሬት ከነካ ወይም ስክረሙን ካፈረሰች ቅጣት ነው።

አሁን ደግሞ ከዚያ የሚመጣውን ተከተይኝ። በስክረም ቅጣት የተሰጠው ቡድን ኳሱን ወደ ማዕዘኑ ይመታና ያወጣል። ወርዋሪውም ራሱ ይሆናል። ይህ ላይንአውት ነው። ልጅቷን ወደ ላይ አንስተው ኳሱን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይከቧትና ተያይዘው እየገፉ ይሄዳሉ። ይህ ሞል ነው። ሞሉ መስመሩን ሲያልፍ ከኋላ ኳሱን የያዘችው ትተኛለች፣ 5 ነጥብ። በፍጻሜው ኤሚ ኮኬይን ያገባችውን አስታውሺ፣ እንዲህ ነው የመጣው። ሳራ በርንና ሐና ቦተርማን የካናዳን ስክረም ወደ ኋላ ሲነዱት ካላየሽ ፍጻሜውን አላየሽም። ትራዩ ትራይ ከመሆኑ ሦስት ደቂቃ በፊት ስክረሙ ውስጥ ተወስኗል።

ይኸው መሣሪያ ከድቷቸውም ያውቃል። በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኦክላንድ ላይ 30 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው የመጡት እንግሊዞች 34 ለ 31 እየተመሩ የመጨረሻዋን ላይንአውት አገኙ። ከመስመሩ አምስት ሜትር። ኳሱ ተወረወረ፣ የኒውዚላንዷ ልጅ ዘላ ነጠቀች። አለቀ። ያን ቀን ደብተሬን ዘግቼ ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም።

ከቀበሌ 14፦ ይቅርታ እትዬ፣ ስክረም ጊዜ ማባከን ነው። ሰባት ሰባት ሆነው የሚጫወቱት ይሻላል፣ ሩጫ አለበት። ሰውን ሜዳ ያመጣችው አሜሪካዊቷ አይሎና ማኸር ናት፣ እሷ ደግሞ ከሰባቱ የመጣች ናት።

ከፖሊ፦ እሱ እንኳ እውነት ነው። ብሪስቶል ለእሷ ሲል ጨዋታውን ወደ አሽተን ጌት ስታዲየም አዛወረው፣ 9,240 ሰው ገባ።

ከሽምብጥ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ግጭት የእኛ ሴቶች ጠባይ አይደለም። ሩጫ አለን፣ ሩጫው ይበቃናል።

ከቤዛዊት፦ ገና ጨዋታ የማን ነው? በዱላ እየተጋፉ ሩር ማሳደድ?

ከሽምብጥ፦ ገናን ወንዶች ናቸው የሚጫወቱት።

ከፔዳ፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ምልክቱ አለ።

መልስ፦ በቃ፣ ልመልስ። ማኸር በ2024 መጨረሻ ለሦስት ወር ነው የፈረመችው፣ ሊጉን ብዙ ሰው ያወቀው በእሷ ነው። አከብራታለሁ። ግን እሷም ብትሆን 15 ሆነው ወደሚጫወቱት የመጣችው የዓለም ዋንጫን ፈልጋ ነው። ስክረም ጊዜ ማባከን ነው ያለውን ልጅ ሲኒ ደርድር እለዋለሁ።

የሴት ጠባይ የሚለውን ግን በዝምታ አላልፈውም። ብዙ ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። አንዲት ልጅ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ አቧራዋን አራግፋ እንደገና ስትገባ ፊቷ ላይ የሚታየውን አይቻለሁ። የትኛው ጠባይ የማን እንደሆነ ለእሷ ተዉላት።

ከጊዮርጊስ 2፦ ሰላም። አዲስ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከላይ። አንብብ።

ከጊዮርጊስ 2፦ እሺ፣ ግን በአጭሩ?

መልስ፦ አንድ ክለብ፣ አንድ ደብተር፣ ስንት ተጫወቱ የሚለውን እይ።

ከፖሊ፦ የት ነው የምናየው? ሊንክ ካለዎት?

መልስ፦ የተሰረቀ ሊንክ አልሰጥም። የየሳምንቱን ማጠቃለያ ሊጉ ራሱ ዩቲዩብ ላይ ያወጣል። ኔትወርክ ካስቸገረ ሌሊት አውርዳችሁ ጠዋት እዩ።

ከቤዛዊት፦ ደመወዝ አላቸው? ፕሮፌሽናል ናቸው?

መልስ፦ እንደየሰዉ ነው። እንግሊዝ ለ28 ተጫዋቾች የሙሉ ጊዜ ኮንትራት የሰጠችው በ2019 ነው፣ ኒውዚላንድ በ2022። በክለብ ደረጃ ግን እየሠሩና እየተማሩ የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ማክሰኞ ማታ ልምምድ፣ ረቡዕ ጠዋት ሥራ።

ከዘጌ፦ አፍሪካውያን የሉም?

መልስ፦ አሉ እንጂ! ደቡብ አፍሪካ በዚህ ዓለም ዋንጫ ጣሊያንን 29 ለ 24 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገብታለች። ኬንያና ማዳጋስካርም ጠንክረዋል። ባባልዋ ላትሻ የሚለውን ስም ያዙ፣ ፕሮፕ ናት፣ በስክረም ፊት ዳር ላይ የምትገፋ። ከአፍሪካ ፕሮፌሽናል ኮንትራት የፈረመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፤ ስፔን ተጫውታ ኋላ ሃርለኩዊንስ ገብታለች።

ከቀበሌ 14፦ ጥሩ ስፖርት ነው ግን?

መልስ፦ ምኑ? ጥያቄህን አስተካክለህ ጠይቅ።

ከፔዳ፦ እትዬ፣ እኛ 12 ሴቶች ነን። ጠዋት ጠዋት ሣር ላይ መሞከር ጀምረናል። ታክል (ኳስ የያዘችውን ይዞ መጣል) ከዩቲዩብ እያየን ነው። ስክረምም አንድ ሁለቴ ሞከርን።

መልስ፦ ልጄ፣ ስክረሙን ዛሬውኑ አቁሙ። አሠልጣኝ በሌለበት ስክረም አይሞከርም። አንገት ነው። ታክሉንም ተዉት። በመንካት ብቻ ተጫወቱ፤ የተነካች ኳሱን ትልቀቅ። ወደ ፊት ማቀበል የለም፣ ወደ ኋላ ብቻ። ይህ ብቻውን ስድስት ወር ያስተምራችኋል።

ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ ትውጣ። «ደህና ነኝ» ብትልም ትውጣ። በዚያ ቀን አትመለስም። በፕሮፌሽናሉ እንኳ የተጠረጠረች ልጅ ወጥታ 12 ደቂቃ በሐኪም ትመረመራለች። በዓለም ዋንጫው ግጭቱ ሲከብድ ቀይ መብራት የሚያበራ የጥርስ መከላከያ አድርገው ነበር። እናንተ ሐኪምም መብራትም የላችሁም። እደግመዋለሁ፣ ጭንቅላቷን የተመታች ትውጣ። የምትለማመዱበትን ቦታና ሰዓት በውስጥ ላኪልኝ፣ ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ።

ከሽምብጥ፦ እትዬ፣ ቅድም ያልኩትን... ኳስ ካስፈለጋቸው እኔ ልግዛላቸው።

መልስ፦ ግዛ። መጠኑ 5 ቁጥር ይሁን።

ከዘጌ፦ ሲኒዎቹን ደረደርን። እናቴ 3 ቁጥሯ ገባት። አሁን የምትጠይቀው መሃል ያለችው ምን ትሠራለች ብላ ነው።

መልስ፦ እሷ 2 ቁጥር፣ ሁከር ናት። ሁለት እጇ ጓደኞቿን እንዳቀፈ ነው። ኳሱ ከጎን ሲገባ አንድ እግሯን ታነሣና በተረከዟ ወደ ኋላ ትስበዋለች። ያን ሁሉ ግፊት በአንድ እግሯ ቆማ ነው የምትችለው። ላይንአውት ሲሆን ደግሞ ወርዋሪዋ እሷው ናት። በጥቅምቱ የመጀመሪያ ጨዋታ እናትሽ 2 ቁጥሯን ብቻ ትከተል፣ አንቺ 3 ቁጥሯን ያዢ። ሲያልቅ ያያችሁትን ጻፉልኝ።