ፎስደም ላይ የትኛውን ኪኖት አዳራሽ ገብቶ መስማት ያዋጣል?

ሰላም እህቴ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ብራስልስ ለፎስደም ልሄድ ነው። ቪዲዮው በነፃ የሚለቀቅ ከሆነ ኪኖቶቹን አዳራሽ ገብቼ መስማት ምን ይጠቅመኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለማያውቅ ሰው፣ ፎስደም የነፃ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል ሶፍትዌር፣ ሠሪዎች በየዓመቱ የሚገናኙበት ጉባኤ ነው፤ ኪኖት የሚባሉት ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ንግግሮች ናቸው። እኔ የምኖረው ኮሎኝ ነው። በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ባጭሩ፣ አንዳንዱን በምንም ዋጋ እንዳያመልጥሽ፤ ሌላውን ቤትሽ ሆነሽ እዪው። እንዴት እንደምለየው ልንገርሽ።

ፎስደም የሚካሄደው ጥር መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ ሶልቦሽ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ። መግቢያ ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ የለም። ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። ኪኖቶቹ የሚቀርቡት ጃንሰን በሚባለው ትልቁ አዳራሽ ነው። 1,400 ሰው ገደማ ይይዛል።

እስካሁን ከሰማኋቸው ከውስጤ ያልወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ብራድሊ ኩን እና ካረን ሳንድለር አብረው ያቀረቡት ነው። ርዕሱ ሲተረጎም «ዛሬ ሙሉ በሙሉ በነፃ ሶፍትዌር መኖር የሚችል ሰው አለ?» እንደማለት ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ለዚህ ጉዳይ የሰጡ ሰዎች ናቸው። መድረክ ላይ ወጥተው ያወሩት ግን ስላቃታቸው ነገር ነው። ይሄ ቀላል አይደለም። ሺህ ሰው ፊት ቆሞ «የማስተምረውን እኔ ራሴ መኖር አልቻልኩም» የሚል ሰው ስንት ታውቂያለሽ?

የካረንን ታሪክ ምናልባት ሰምተሽ ይሆናል፤ በብዙ መድረክ ተናግራዋለች። ጠበቃ ናት። የልብ ሕመም ስላለባት ሰውነቷ ውስጥ ዲፊብሪሌተር ተቀብሮላታል፤ ልብ አመታቱን ሲስት በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ መሣሪያ ነው። ውስጡ ያለውን ኮድ አሳዩኝ ብላ አምራቾችን ጠየቀች፤ አላሳዩአትም። በኋላ ነፍሰ ጡር ሆነች። በእርግዝና ጊዜ የልብ ምት መፍጠን የተለመደ ነው፤ መሣሪያው ግን አደጋ መሰለውና መታት። ኮዱን ማስተካከል ስላልተቻለ፣ የልቧን ምት የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰደች መክረም ነበረባት። ሰው ለማሽኑ ሲባል ተስተካከለ ማለት ነው።

እኔ ይህን ታሪክ አስቀድሜ በቪዲዮ አውቀዋለሁ። እዚያ ተቀምጦ መስማት ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የነበረው ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ ኮድ ይጽፍ ነበር። መሃል ላይ ቀስ ብሎ ዘጋው። እስኪያልቅ ድረስ መልሶ አልከፈተውም።

እኔ ደግሞ እናቴን ነበር የማስበው። አዲስ አበባ ናት፤ ስኳር አለባት። ውጤቱን ወደ ስልክ የሚልክ የስኳር መለኪያ ከዚህ ገዝቼ ልኬላት ነበር። አፑን ልንጭን ስንል «በአገርዎ አይገኝም» አለን። ታናሽ እህቴ እንደምንም በሌላ መንገድ ጫነችው። ጥቂት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን «አዘምኑኝ» ብሎ ቀጥ አለ። እናቴ አሁን ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፍና እሁድ እሁድ በስልክ ታነብልኛለች።

ከአዳራሹ ወጥቼ ድንች ጥብስ ለመግዛት ተሰልፌ ሳለ ይህንኑ ከፊቴ ለቆመው ሰውዬ አወራሁት። የእሱ ልጅ ታይፕ 1 ስኳር አለባት። ትምህርት ቤት ስትሆን ስኳሯን የሚከታተለው በናይትስካውት ነው። ናይትስካውትን የጀመሩት ራሳቸው ወላጆች ናቸው፤ የልጆቻቸውን ስኳር ከሩቅ ማየት ፈልገው ኮዱን ጻፉት፣ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ለእናቴ መለኪያ አልሆነም፤ እሱ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ለሚለካው ዓይነት ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለቤተሰብ መሣሪያ ስገዛ መጀመሪያ የማጣራው ውጤቱ ያለ አፕ መውጣት መቻሉን ነው።

በ2020 ቶን ሮዘንዳል እሱ ስለፈጠረው ብሌንደር ስለሚባል የ3ዲ ሥዕልና አኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ያቀረበውም ከዚሁ ወገን ነው። የሰውዬውን ታሪክ አስቢው። ኩባንያው በ2002 ተዘጋ። ኮዱን ከባለሀብቶቹ ለማስለቀቅ 100,000 ዩሮ ያስፈልግ ነበር፤ ተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት አዋጡለት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፊት ለፊት ማየት ይገባል።

አሁን አዳራሽ መግባት ወደማያስፈልገው። እዚያው ጃንሰን ውስጥ፣ በ2020፣ ከርል የሚባለውን በኢንተርኔት መረጃ ማስተላለፊያ ፕሮግራም የሠራው ዳንኤል ስቴንበርግ ስለ ኤችቲቲፒ 3፣ የድረ ገጽ መረጃ ስለሚተላለፍበት ደንብ፣ ተናግሮ ነበር። ግሩም ነው፤ ሰውየው አስተማሪ ነው። ግን ነገሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በቆየው የመረጃ መላኪያ ደንብ በቲሲፒ አንድ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) መንገድ ላይ ሲጠፋ የኋላዎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል፤ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ሲበላሽ እንደሚሆነው። ኤችቲቲፒ 3 የተሠራበት ኩዊክ የሚባለው ደንብ ግን ዩዲፒ በሚባለው ቀለል ያለ መላኪያ ላይ ሆኖ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ያስኬዳል። ይህን በደንብ የተረዳሁት ቤቴ ሆኜ ቪዲዮውን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ ሳየው ነው። ሥዕላዊ መግለጫ የሚበዛበትን ሁሉ ለቪዲዮ ተዪው። የፕሮጀክቱን ዕድገት በግራፍ የሚደረድረውንም እንዲሁ። ያንን ሰዓት ትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ አሳልፊው፤ እነሱ ቶሎ ስለሚሞሉ ቀደም ብለሽ ግቢ።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲወጣ ርዕሱን ብቻ አትመልከቺ፤ አጭር መግለጫውን አንብቢ። «እኔ» የሚል ካለበት፣ ተናጋሪው የከፈለውን ዋጋ ወይም የተሳሳተውን የሚነግርሽ ከመሰለሽ ግቢ። 20 ደቂቃ ቀደም በይ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ካፖርትሽን እንዳትረሺ።

እሁድ ማታ የመመለሻ ባቡርሽን ደግሞ አታጣቢው። ከመዝጊያው በኋላ አዳራሾቹን ለማጽዳት ፈቃደኛ ይፈለጋል። እኔ አንዴ ቀርቼ ጠርሙስ ስሰበስብ አምሽቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ኮዳቸውን የምጠቀምላቸው ሰዎች አጠገቤ መጥረጊያ ይዘው ነበር።