ነፋስን ለመማር ለምትሹ ልጆች

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ የሚማር አንድ ወጣት በቅርቡ፣ «ጋሼ፣ ፈረንጆች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው በሸራ ጀልባ ወደ ደቡብ እየተጓዙ የሚኖሩት ኑሮ ለእኛስ ይሆነናል?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ስላሳለፍኩ መልስ አያጣም ብሎ ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝና በቃል የጀመርኩለትን መልስ በጽሑፍ ለመጨረስ ወሰንኩ።

አሰብ በ1990 ዓ.ም. ከተዘጋብን በኋላ በአንዱ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ መርከባችን ጅቡቲ ጭነት ትጠብቅ ነበር። ከወደቡ ፈንጠር ብላ መልሕቅ የጣለች አንዲት የሸራ ጀልባ ሞተሯ እየጋለ አስቸግሮ ኖሮ፣ ባለቤቶቿ መካኒክ ሲያፈላልጉ ሰው ወደ እኔ መራቸው። ባልና ሚስት ናቸው፤ መስከረም ላይ ከሜዲትራንያን ተነሥተው፣ በስዊዝ ካናል አልፈው፣ ወደ ኬንያ ጠረፍ ያመሩ ነበር። ጥፋቱ ቀላል ነበር፤ የባሕር ውኃ ስቦ ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ክንፍ ተበጣጥሳለች። አዲስ ቀየርኩላቸውና የአሮጌዋን ቁርጥራጮች ከቱቦው ውስጥ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ አንዷ ብትቀር የውኃውን መንገድ ትዘጋለችና።

ሻይ እየጠጣን ኑሯቸውን አየሁ። ዕቃ የሚያጥቡት በባሕር ውኃ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ በኩባያ ይለካል። እያንዳንዱ ድስትና ብርጭቆ ጀልባዋ ስትዘነብል እንዳይወድቅ የተሠራለት ማቀፊያ አለው። ሌሊት አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ ተረኛው የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ግፊት በደብተር ይጽፋል። ሚስትየው ደብተሩን ገልጣ አስረዳችኝ። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ እየገፋ አወረዳቸው፤ ከእኩሌታው በታች ግን ከጥቅምት ጀምሮ በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው የደቡብ ነፋስ ፊት ለፊት ተቀበላቸው። የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ስለማይችል ግራና ቀኝ እየተመላለሱ ተጠጉ፤ ሲበረታባቸውም ከኮራል ዐለት ጀርባ መልሕቅ ጥለው ቀናት ጠበቁ። ከጅቡቲ በኋላ ደግሞ ወደ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚያወርደው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ እስኪጸና ድረስ እንደገና ይጠብቃሉ። የዚያ ኑሮ ትልቁ ሥራ መጠበቅ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያም ሴትየዋ ስለ እኔ አገር ጠየቀችኝ። ስለ ጣና፣ ስለ አባይ መውጫና ከደንገል ስለሚታሰረው ታንኳ ነገርኳት። «ታንኳ ቀዛፊዎቹ ነፋስ እንደሚነሣ በምን ያውቃሉ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። አጎቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ እያመጣ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ወጥቶ ደሴቶቹን ትክ ብሎ ያያል፤ አንዳንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል። ምን አይቶ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። በዚያች ምሽት አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። ባልና ሚስቱ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ እስካለችው ታጁራ አብሬአቸው እንድሄድም ጋበዙኝ፤ ካፒቴናችን ባልከለከለኝ፤ እኔ ግን የሞተር ሰው ነኝ ብዬ ቀረሁ። ያም ይቆጨኛል፤ አጎቴን አለመጠየቄ ግን ይብስብኛል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዋና ስለ መቻልና ስለ ተንሳፋፊ ጃኬት አልናገርም፤ ይህ ለማንም የተገለጠ ነው። የዛሬ ወጣት ነፋስን የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ትንበያ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሰፊ አካባቢን በአንድ ቁጥር የሚናገር ትንበያ የዘጌን ጥግና የደቅ ደሴትን ዳርቻ ለይቶ አይነግራችሁም። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጥም። ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሊቆጣ እንደሚችል ቀዛፊዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የወረረን የእምቦጭ አረምም ነፋስ ወደነዳው የሚሄድ ነው፤ ዛሬ የተከፈተው መንገድ ነገ ተዘግቶ የሞተሩን ፕሮፔለር ይተበትባል።

ሞተርን ናቁ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በሸራ ጀልባ ላይ ሥራ የምታገኙት ትንሽ ናፍጣ ሞተር መፍታትና መግጠም ስትችሉ ይመስለኛል፤ ባለ ጀልባዎች ሸራውን ራሳቸው ይችሉታል፣ ሞተሩ ነው የሚያስጨንቃቸው። ስለዚህ ስለ ነፋስ ቅድም ያልኩትን ያፈረስኩ ቢመስልም፣ ነፋሱንም ሞተሩንም ተማሩ እላለሁ።

አንተ ጠያቂዬ፣ ኑሮው ይሆንሃል። ግን አስቀድመህ ከዘጌ የሚመጡትን ታንኳ ቀዛፊዎች በአክብሮት ቅረብና አብረሃቸው ተሻገር፤ ደብተር ያዝ፤ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የውኃውን መልክ ጻፍ፤ «አይሆንም» ባሉ ቀንም ምክንያቱን ጠይቃቸው። ደብተሩ ሲሞላ ይዘኸው ና፤ ስለ ጀልባ ቅጥሩ ያኔ በሰፊው እንነጋገራለን።