አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲቀር

ባለፈው ሰሞን አንዲት ብስክሌት ጋላቢ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ከሰዓት ገደብ ውጭ እንደምገባ እርግጠኛ ከሆንኩ ዝም ብዬ ከምሠቃይ ባቋርጥ ምን ችግር አለው?»

«አታቋርጪ» ብዬ መለስኩላት። አንድ ቃል። እሷም አውራ ጣት ላከችልኝ፣ አለቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ወገቤን ነው» አልኳት። ወገቤን አልነበረም።

እኔ ጋላቢ ሆኜ አላውቅም። መካኒክ ነኝ። ሰፈራችን ከሚገኝ ጎሚስታ ቤት የብስክሌት ከመነዳሪ በመለጠፍ ጀምሬ፣ ኋላ ክለብ፣ ከዚያም የቡድን መኪና ውስጥ ገባሁ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቸርኬ የሚያቃኑት በጆሯቸው ነበር። የቸርኬውን ሽቦ፣ ራጂውን፣ እንደ ክራር ክር በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ይቺ ላልታለች» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ሜልቦርን ነው። በፈረንጆቹ 1956 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞችም ነበሩን። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨርሷል። ሽማግሌው «24ኛ» ሲሉ ወርቅ ያመጣ ነው የሚመስለው። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም።

ለማያውቁ ልጆች ስለ ሰዓት ገደቡ ትንሽ ልበል። የብዙ ቀን ውድድር የየቀኑ ሰዓት እየተደመረ የሚሄድ ነገር ነው። ቱር ደ ፍራንስ 21 የውድድር ቀን አለው። የሩዋንዳው ስምንት ቀን ገደማ ነው። በየቀኑ አሸናፊው በገባበት ሰዓት ላይ የተወሰነ በመቶ ይጨመርና ገደብ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የገባ ነገ አይነሣም። መሐል መንገድ ያቋረጠም እንደዚያው። የአንድ ቀን ውድድር ብታቋርጥ በሳምንቱ ሌላ አለ። እዚህ ግን አንድ ቀን ካጎደልክ የደከምክበት ሁሉ ገደል ገባ።

እንግዲህ ሩዋንዳ ነን። ዓመቱን ልተወው፣ ልጁ እንዳይታወቅ። ያኔ ቱር ዱ ሩዋንዳ የሚካሄደው በኅዳር ነበር፣ እነሱ አገር ዝናብ በሚሆንበት ወቅት። አገሩ የሺህ ኮረብታዎች አገር ይባላል፣ እኔም ሺህ መሆኑን በመኪናው ፍሬን አረጋግጫለሁ። መንገዱ ዳር የሚቆመው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ በሙሉ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ይወጣሉ። አንደኛውንም የመጨረሻውንም እኩል ነው የሚያጨበጭቡለት።

የዚያን ቀን መንገዱ ከኪጋሊ ወደ ሙሳንዜ ነበር። አሠልጣኛችን ሌሊቱን ሆዱን ሲያመው አድሮ ሆቴል ቀረ። ደብተሩንና የመንገድ ካርታውን ለእኔ ሰጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። አሥራ ምናምን ዓመት ከኋላ ወንበር ጎማ አቅፌ ስቀመጥ ኖሬ፣ ያን ቀን ከፊት ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሩዋንዳዊ ነው፣ ውድድሩ የሰጠን። እንግሊዝኛው እንደ እኔው ነው፣ የቁራጭ።

ዋናው ጋላቢያችን ከፊተኞቹ ጋር ደህና እየሄደ ነበር። የመጨረሻው ትልቅ ዳገት ሥር ስንደርስ በሬዲዮ የእኛ ልጅ ከኋላ ብቻውን እንደቀረ ሰማን። ቆመን ጠበቅነው። 19 ዓመቱ ነው። ከባሕር ዳር የመጣ፣ አጎቱ ባዋሰው ኮርሳ ብስክሌት መጋለብ የጀመረ ልጅ። አገር ውጭ ወጥቶ ሲወዳደር የመጀመሪያው ነው። ያን ሰሞን ማታ ማታ ጓደኞቹ ስልክ ሲነካኩ እሱ እኔ ዘንድ መጥቶ የብስክሌቱ ካቴና፣ ሰንሰለቱ፣ ሲታጠብ ያይ ነበር። ምንም አይጠይቅም። ያያል ብቻ።

ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። እንደ ሽምብራ የሚያክል በረዶ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል። ጭጋጉ ሃያ ሜትር አያሳይም። ልጁ ጣቱ ደንዝዞ ማርሽ መቀየር አቅቶታል። በመስኮት ስንጠጋው በመዳፉ እየመታ ነበር የሚቀይረው። ከፔርሙስ ሻይ ቀድቼ ሰጠሁት፣ ግማሹን እጁ ላይ አፈሰሰው። ለመሞቅ ነው መሰለኝ፣ አውቆ። ብስክሌቱ ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ የለውም። የት እንደደረሰ የሚያውቀው እኔ ስነግረው ብቻ ነው።

እኔ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሒሳብ ያዝኩ። አሸናፊው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጅቶበት ገብቷል። የቀኑ ገደብ 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአሸናፊው በኋላ 25 ደቂቃ ተኩል ነው ያለው። ከዚያ ውስጥ የቀረችን 10 ደቂቃ ናት። የቀረው መንገድ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር። ይኼ ልጅ ቢበር እንኳ 21 ደቂቃ ይፈልጋል። 11 ደቂቃ ያልፈዋል።

ሒሳቡ ልክ ነበር። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

ሾፌሩ ወደ ላይ በእጁ እያመለከተ «ፊኒሽ፣ ፊኒሽ» ይለኛል። ልጁ አልቆለታል ማለቱ መሰለኝ። «አዎ፣ ፊኒሽ» አልኩት። መኪናውን አስጠጋ። መስኮቱን አወረድኩ።

«ጋሼ፣ ልሂድ?» አለኝ ልጁ።

«በቃህ፣ ና ግባ» አልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ።

ይቺ ቃል ናት እንቅልፍ የምትነሣኝ። ቢከራከረኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላ ያቋረጡትን እየለቀመ የሚመጣው መኪና ደረሰ። ዳኛው ወረደና የጀርባ ቁጥሩን ጠየቀው። ልጁ በዚያ በደነዘዘ ጣቱ መርፌ ቁልፎቹን መፍታት ስላቃተው እኔ ፈታሁለት። አራት መርፌ ቁልፍ። ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። እሱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከኋላ አስቀመጥኩት። መኪናው ሙቀት ነበረው፣ ወዲያው ተኛ።

ሦስት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን አንድ መታጠፊያ አለ። ከዚያ ዳገቱ አለቀ። ጭጋጉም እዚያው ቀረ። ከታች ሙሳንዜ ተዘርግታ ታየች። የቀረው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነበር። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና «ፊኒሽ» አለኝ፣ በሐዘን። ዳገቱ ሊያልቅ ነው ሲለኝ ነበር ለካ።

ልጁ አላየም። ተኝቷል።

ማታ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ በጎማ ውሃ ብስክሌቶቹን እያጠብኩ አሠልጣኙ ወረቀት ይዞ መጣ። ዳኞቹ በየማታው የሚያወጡት ወረቀት ነው። በበረዶው ምክንያት ገደቡ ተራዝሟል። ከሰዓት ውጭ የገቡት ከሃያ በላይ ስለሆኑ ሁሉም ነገ እንዲነሡ ተፈቅዷል። የመጨረሻው ከገደቡ 14 ደቂቃ አልፎ የገባ ነው። የእኔ ልጅ ደግሞ በእኔው ሒሳብ 11። ግን እሱ አልገባም። አቁሜዋለሁ። ቁጥሩን በእጄ ፈትቼ ሰጥቻለሁ። ላልገባ ሰው ገደብ አይራዘምም።

አሠልጣኙ አልጮኸብኝም። ወረቀቱን የብስክሌቱ መቀመጫ፣ ሴላው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ልጁ ለጓደኞቹ ውሃ ሲሞላ፣ ሙዝ ሲያቀብል ነው የከረመው። አዲስ አበባ ስንመለስ ወር ሁለት ወር ልምምድ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። በዚያ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም። ስንቱ ልጅ ምንም ሳይሆን ቀርቷል። ጎማው ውድ ነው፣ ቤተሰብ አለ፣ ሌላም ሌላም። ግን በዚያ ወረቀት ላይ ከስሙ ፊት «አቋረጠ» የሚል ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለምን አስቆምኩት? ለረጅም ጊዜ «አዝኜለት ነው» እል ነበር። አዝኜም ነበር። ሌላም ነገር ግን አለ። በርዶኛል፣ ርቦኛል። ሙሳንዜ ላይ ትኩስ ሾርባ እንደሚጠብቀን አውቃለሁ። አንድ ቀን ከፊት ወንበር ብቀመጥ የመጨረሻው መኪና ሆኜ መግባቴም አሳፍሮኛል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልዬ «ሒሳብ» አልኩት።

እንግሊዛዊውን ጋላቢ ማርክ ካቨንዲሽን ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 2011 ቱር ደ ፍራንስ በ18ኛው ቀን ጋሊቢየ ተራራ ላይ እሱን ጨምሮ 88 ጋላቢዎች ከሰዓት ውጭ ገቡ። የውድድሩ ግማሽ በሉት። ዳኞቹ 20 ነጥብ ቀንሰውባቸው አለፏቸው። በሦስተኛው ቀን ካቨንዲሽ ፓሪስ ላይ አሸነፈ፣ በነጥብ አንደኛ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያም ለበሰ። አንድ የእኔ ቢጤ መካኒክ ዳገቱ ላይ በመስኮት ብቅ ብሎ «በቃህ» ብሎት ቢሆን ኖሮ? በ2018 ደግሞ ላ ሮዚዬር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ብቻውን ገባ፣ ያን ጊዜ አልማሩትም፣ ተሰናበተ። እንደማይምሩት እያወቀ ግን እስከ መስመሩ ጋልቧል። በ2024፣ በ39 ዓመቱ፣ ተመልሶ 35ኛ የቱር ደ ፍራንስ የቀን ድሉን አግኝቶ የቤልጅየሙን የኤዲ መርክስን ክብረ ወሰን ሰበረ። ምሕረቱን መስጠትም መንሣትም የዳኛው ሥራ ነው። መካኒኩ ጎማውን ይቀይር።

ውሃ ጠጡ፣ በጊዜ ተኙ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ። እሱን እናታችሁም ትነግራችኋለች። ካቴናችሁን ግን እጠቡ፣ እባካችሁ። ባለፈው እሑድ ልምምድ ላይ ያየሁት ካቴና ጤፍ ቢዘሩበት ይበቅላል። ጋላቢው ስትራቫ በሚባለው የልምምድ መተግበሪያ ላይ ለመለጠፍ አሥር ደቂቃ ስልኩን ነካካ፣ ካቴናውን ለመጥረግ ግን ጊዜ የለውም። እናንተ ዘንድ ሁሉ ነገር ቁጥር ሆኗል። እግራችሁ የሚያወጣው ጉልበት በዋት፣ የልብ ምት፣ በኪሎ ስንት። ዳገት ሲመጣ እግራችሁን ሳይሆን ስክሪኑን ነው የምትጠይቁት።

ይህን የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በደብተር ሒሳብ ልጅ ያስቆምኩት ሰውዬ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያ ልጅ የእናንተ ዓይነት ስክሪን ቢኖረው ኖሮ ዳገቱ ሊያልቅ 300 ሜትር እንደቀረው ያይ ነበር። ስለዚህ ስክሪኑን አትጣሉት። እንጃ። ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጆቹ 2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ሲነሣ ቁጥሩንም ያውቅ ነበር፣ መሰቃየቱንም ያውቅበት ነበር።

ለዚያች ልጅ «አታቋርጪ» ያልኳትም ሙሉ አይደለም። ሌላ ጊዜ አንድ ጋላቢያችን ወድቆ ትከሻው ተሰብሮ «እጨርሳለሁ» አለ። ካቋረጠ እንደዚያኛው ልጅ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። ጨረሰ። ስብራቱ ተንሻፎ ገጥሞ ክንዱ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይነሣም። ያም የእኔው ዝምታ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ አጥንትሽ ከተሰበረ፣ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ ውረጂ። ማንንም አትጠይቂ። ስለደከመሽ፣ ስለበረደሽ፣ ሒሳቡ ስላልመጣ ከሆነ ግን ሂጂ። ቢያባርሩሽም መስመሩ ላይ ያባርሩሽ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለሰርግ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። «ጋሼ፣ አላወቁኝም?» አለ። እሱ ነው። ጺም አውጥቷል፣ ወፈር ብሏል። ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ሞተሩን አጠፋና ጣና ዳር ቆመን አወራን። ሁለት ልጆች አሉት። ትልቁ ብስክሌት ግዛልኝ እያለ አስቸግሮታል።

«እንደው ጋሼ» አለኝ ልንለያይ ስንል፣ «ያን ቀን በረዶው ላይ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቀርቶኝ ነበር?»

«ኧረ ብዙ ነበር» አልኩት። «ሠላሳ ምናምን። ያውም ዳገት።»

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለና ሞተሩን አስነሣ።